የ18 ታብሌቶችን ስም የመቀየር ሥራ፦ የሂደት ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ሰኞ

በንባብ ክፍሉ የሚያገለግሉ 18 ታብሌቶች አሉ፤ 12ቱ አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑና በአንድሮይድ 11 የሚሠሩ፣ 4ቱ አይፓዶች፣ የቀሩት 2ቱ ደግሞ የዊንዶውስ ታብሌቶች ናቸው። ዛሬ ጠዋት ለአንድ አንባቢ የተዘጋጀ ፋይል በብሉቱዝ ልልክ ላፕቶፔን ስከፍት፣ የተጣመሩት መሣሪያዎች ዝርዝር ፋብሪካው የሰጠውን አንዱን የሞዴል ስም 12 ጊዜ ደጋግሞ አሳየኝ። በግምት አንዱን መረጥሁ። ፋይሉን ለመቀበል ፈቃድ የሚጠይቀው መልእክት የወጣው ግን ማዶ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያነቡ በነበሩ አንድ አዛውንት ታብሌት ላይ ነበር። «ልጄ፣ ይህ ለእኔ የመጣ አይመስለኝም» ብለው ባያሳዩኝ ኖሮ የት እንደገባ ለማወቅ 12ቱንም አንድ በአንድ መክፈት ነበረብኝ።

ስለዚህ የሁሉም ስም ይቀየራል። በእጄ ያለው አንድ ላፕቶፕ፣ 7 መሰኪያ ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ፣ የሚለጠፍ ወረቀት፣ የማይለቅ ማርከርና ባዶ የሒሳብ ሠንጠረዥ ነው። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል ብዬ ገምቻለሁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ

በአንድሮይዶቹ ጀመርሁ። መንገዱ ቀላል ነው፤ «ቅንብሮች» ተከፍቶ እስከ ታች ይወረድና «ስለ ጡባዊ» የሚለው ይነካል፣ ከዚያም «የመሣሪያ ስም» የሚለው መስመር ሲነካ መጻፊያ ሳጥን ይወጣል። (በአፋችን ሁላችንም «ታብሌት» እያልን በምናሌው ላይ «ጡባዊ» ተብሎ ስለተጻፈ፣ የሚያግዘኝ ባልደረባዬ «ስለ ጡባዊ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አልፎት ሄዷል። ጡብ የሚመስል ነገር ማለት መሆኑ ሲገባው ለረጅም ጊዜ ሳቀ።) በሌሎች አምራቾች ታብሌቶች ላይ ስሙ በዚሁ ገጽ አናት ላይ ይገኝና «አርትዕ» የሚል ቁልፍ አጠገቡ ይኖራል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

የመጀመሪያው ችግር የገጠመኝ በሦስተኛው ደቂቃ ነው። «የንባብ ክፍል ታብሌት 03» ብዬ ልጽፍ ጀመርሁ። «የንባብ ክፍል ታብሌ» እስከሚለው ድረስ ሁሉ ነገር ደኅና ነበር፤ «ት» ስትጨመር ግን «እሺ» የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ አልጫን አለ። አንዷን ፊደል ሳጠፋት ቁልፉ ይመለሳል፣ ስጨምራት ይደበዝዛል። ታብሌቱ ለምን እንደሆነ የሚናገር አንድም ቃል አላሳየኝም። የቁልፍ ሰሌዳውን ቀየርሁ፣ ታብሌቱን አጥፍቼ አበራሁ፣ ሌላ ታብሌት ላይም ሞከርሁ፤ ሁሉም በዚያችው «ት» ላይ ቆመ። በዚህ ሁኔታ 50 ደቂቃ ያህል ባከነ።

ሰኞ ማታ

ምክንያቱ ተገኘ። አንድሮይድ በዚህ ሳጥን የሚጻፈውን ስም በአንድ ቦታ ብቻ አያኖረውም፤ ለብሉቱዝም ይሰጠዋል፣ ታብሌቱ ሆትስፖት ሲከፍት ለሚታየው የዋይፋይ ስምም ይሰጠዋል። የዋይፋይ ስም ደግሞ ከ32 ባይት (ኮምፒውተር የጽሑፍን መጠን ከሚለካበት ትንሽ አሃድ) ሊያልፍ አይችልም። በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው 32 ባይት ማለት 32 ፊደል ስለሆነ ገደቡ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። የእኛ ፊደል ግን ኮምፒውተሮች ጽሑፍን በሚይዙበት፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አቀማመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ያለን ቦታ ለ10 ፊደላት ብቻ የሚበቃ ሆኖ 2 ባይት ይተርፋል።

ቆጥሬ አረጋገጥሁ። «የንባብ ክፍል ታብሌ» 10 ፊደላትና 2 ክፍት ቦታዎች ስላሉት 30 ሲደመር 2፣ በትክክል 32 ባይት ነው። «ት» ስትጨመር 35 ይሆናል። ያሰብሁት ሙሉ ስም ከነቁጥሩ 38 ባይት ስለሚደርስ ከመጀመሪያውም አይገባም ነበር። «ንባብ ታብሌት 03» ብል ግን 25 ባይት ብቻ ነው፤ ይገባል። ለብሉቱዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም፤ የብሉቱዝ ስም እስከ 248 ባይት ይፈቀድለታል፣ ምንም እንኳ ብዙ መሣሪያዎች የመጀመሪያዎቹን 40 ፊደላት፣ አንዳንዶቹም 20 ብቻ ቢያሳዩ። ሳጥኑ ግን ሁለቱን የሚያገለግል በመሆኑ የሚገዛው ጠባቡ ገደብ ነው።

ሳምንት 1፣ ማክሰኞ

ስም አጭር መሆን ካለበት በቁጥር ፈንታ ቃል ይሁን ብዬ ለ12ቱ አንድሮይዶች 12 ቃላት መረጥሁ፤ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ኮከብ፣ ዝናብ፣ ደመና እያልሁ። ለጆሮ የሚጥም፣ ለመጥራት የሚመች፣ ለማስታወስም ቀላል ነው። «ፀሐይን አምጣልኝ» ማለት «ሦስተኛውን አምጣልኝ» ከማለት ይሻላል ብዬ ነበር። በአንድ ታብሌት 2 ደቂቃ ያህል፣ በድምሩ 25 ደቂቃ ገደማ ፈጀብኝ። ስሙ በተቀየረ ቁጥር ታብሌቱ አዲሱ ስም ለተጫኑ መተግበሪያዎች እንደሚታይ፣ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ሲገናኝም ሌሎች ሰዎች ሊያዩት እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው፤ የሰው ስም ወይም የክፍል ቁጥር እዚህ ላይ መጻፍ በአካባቢው ላለ ስልክ ሁሉ መንገር ነውና።

ደስታዬ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ቆየ። ባልደረባዬ በሠንጠረዡ ውስጥ «ጸሀይ» ብሎ ሲፈልግ ምንም አላገኘም፤ እኔ የጻፍሁት «ፀሐይ» ነበር። ለአንባቢ አንድ የሆኑት ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ለኮምፒውተር ፈጽሞ የማይዛመዱ ፊደላት ናቸው። የዚህችን አንዲት ቃል አጻጻፍ ብንቆጥር ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሃይ እያልን ስድስት እናገኛለን። ለሰው ምንም ችግር የለውም፤ በፍለጋ ለሚሠራ ዝርዝር ግን ስድስት የተለያዩ ታብሌቶች ማለት ነው። በዚያ ላይ «ፀሐይ» የቱ ነው ተብዬ ስጠየቅ እኔ ራሴ ወረቀት ማየት አስፈለገኝ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ታብሌቶቹን የማሳያ መስኮት ካለው የድምፅ ማጉያ ጋር ሳጣምር፣ በመስኮቱ ላይ በ«ዝናብ» ፈንታ ሦስት ባዶ ሳጥኖች፣ በ«ኮከብ» ፈንታም እንደዚያው ሦስት ባዶ ሳጥኖች ወጡ። ማጉያው የግዕዝ ፊደል የሚስልበት ፎንት የለውም። ባለ ሦስት ፊደል ስሞቼ ሁሉ በዚያ መስኮት አንድ ዓይነት ሆኑ፤ የሸሸሁት ችግር በሌላ በር ተመልሶ ገባ።

ሳምንት 1፣ ረቡዕ

ወደ ቁጥር ተመለስሁ፤ ነገር ግን በሌላ መንገድ። ተራ ቁጥሮች በዝርዝር ውስጥ ሲደረደሩ 1፣ 10፣ 11፣ 12 ከሄዱ በኋላ 2 ይከተላል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያወዳድረው ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ነው። መፍትሔው 01፣ 02 ብሎ በዜሮ መጀመር መሆኑ የታወቀ ነው። የግዕዝ ቁጥሮችስ ብዬ ስሞክር ግን ያልጠበቅሁት ነገር አየሁ። ያለ ምንም ዜሮ በትክክል ይደረደራሉ፤ ፩፣ ፪፣ እስከ ፱፣ ከዚያ ፲፣ ፲፩፣ ፲፪ እያሉ። ዐሥር የራሱ ምልክት ስላለው፣ ኮምፒውተሮች የፊደላትን ተራ በሚያውቁበት በዩኒኮድ ሰንጠረዥም ፲ ከ፱ ቀጥሎ፣ ፳ ደግሞ ከ፲ ቀጥሎ ስለተቀመጠ፣ እስከ ፺፱ ድረስ ቅደም ተከተሉ አይበላሽም። ዜሮ የሌለው የቁጥር አጻጻፍ ዜሮ የሚፈጥርልንን ችግር መፍታቱ አስገርሞኝ ለግማሽ ሰዓት ያህል በዚህ ስጫወት ቆየሁ።

ሆኖም ለሥራው አይሆንም። እያንዳንዱ ምልክት 3 ባይት ነው፣ በድምፅ ማጉያው ላይም ያው ባዶ ሳጥን ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን ፲፯ን እና ፲፮ን ከሩቅ አይቶ በፍጥነት የሚለይ ሰው ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ብቻ ተገኘ። ሰረዝሁት።

ሳምንት 1፣ ሐሙስ

የዛሬው ስሕተት የእኔ ብቻ ነው። ታብሌቶቹን አንድ በአንድ ከመክፈት ይልቅ በላፕቶፔ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱን ነክቼ ስሙን ከዚያው ቀየርሁ፤ 12ቱም በ10 ደቂቃ አለቁ፣ ዝርዝሩም አማረ። ከዚያ በስልኬ ስፈልጋቸው «ደመና» እና «ጨረቃ» እንዳሉ ናቸው። በተጣመሩ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የሚሰጥ ስም ላፕቶፑ ለራሱ የሚይዘው ቅጽል ስም ብቻ ሲሆን ወደ ታብሌቱ አይተላለፍም፤ ታብሌቱ ስለ ቅጽል ስሙ የሚያውቀው ነገር የለም። የባሰው ነገር ደግሞ ይህ ቅጽል ስም በኋላ ታብሌቱ ራሱ የሚልከውን አዲስ ስም ሸፍኖ ስለሚያስቀር፣ ዛሬ የሠራሁትን ሁሉ አጥፍቼ 12ቱንም ከላፕቶፑ ላይ መርሳትና እንደገና ማጣመር አስፈለገኝ። 10 ደቂቃ አተረፍሁ ብዬ 40 ደቂቃ ከፈልሁ።

ሳምንት 2፣ ሰኞ

ቅዳሜና እሑድ አርፌ ስመለስ ነገሩን ከሥሩ ማሰብ ጀመርሁ። እስካሁን «የታብሌቱ ስም» እያልሁ የምጠራው ነገር አንድ ስም አይደለም። በገጽ ላይ የሚታየው የመሣሪያ ስም አለ፣ የብሉቱዝ ስም አለ፣ የሆትስፖት ስም አለ፣ በአንዳንድ ታብሌቶች ላይ ለዋይፋይ ዳይሬክት (ያለ ራውተር መሣሪያ ከመሣሪያ ለሚገናኝበት መንገድ) ለብቻው የሚቀመጥ ስም አለ፣ ታብሌቱ ከራውተር አድራሻ ሲጠይቅ ሊልከው የሚችለው የኔትወርክ ስም አለ፣ በመተግበሪያ መደብሩ አካውንት ውስጥም ሌላ ቅጽል ስም አለ። ከእነዚህ የአንዱ ደንብ ከሌላው ይለያል። በኔትወርክ ላይ ለሚጠራ ስም አርኤፍሲ 952 የተባለው እ.ኤ.አ. የ1985 የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ያስቀመጠው ልማድ የላቲን ፊደል፣ አኃዝና ሰረዝ ብቻ ነው። የዊንዶውስ ኮምፒውተር በቆየው፣ ኔትባዮስ በተባለው የኔትወርክ አሠራር የሚታወቅበት ስም ደግሞ 15 ፊደል ብቻ ይዞ የቀረውን ይቆርጣል፤ ሙሉ በሙሉ ቁጥር የሆነ ስምም አይፈቀድም።

እንግዲህ ስሙ ከሁሉም ጠባብ በሆነው ቀዳዳ ማለፍ አለበት። ይህም ማለት በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ ከ15 ያልበለጠ፣ በዜሮ የሚጀምር ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ያለው ማለት ነው። ሦስት የላቲን ፊደላትና ቁጥር መረጥሁ፤ እዚህ ማስታወሻ ላይ «ታብ 01» እያልሁ እጽፈዋለሁ። በአማርኛ ስም አለመስጠቴ ቅር አሰኝቶኛል፤ አንድ ስም በገዛ ፊደሉ እንዳይጻፍ የሚያደርገው የማሽን ገደብ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። ስለዚህ ማካካሻ ፈለግሁለት። አንድሮይድ በተቆለፈ ማያ ገጽ ላይ የፈለጉትን ጽሑፍ ማስቀመጥ ስለሚፈቅድና ያ ጽሑፍ ከታብሌቱ ወደ ሌላ መሣሪያ ስለማይሄድ፣ ሙሉው «የንባብ ክፍል ታብሌት 03» እዚያ ላይ በአማርኛ እንዲቀመጥ ወሰንሁ።

ሳምንት 2፣ ማክሰኞ

ለሦስተኛ ጊዜ በእጅ ላለመጻፍ በኤዲቢ (ከኮምፒውተር ሆኖ አንድሮይድን በጽሑፍ ለማዘዝ በሚያገለግል ፕሮግራም) ልሠራው ፈለግሁ። በእያንዳንዱ ታብሌት ላይ «የግንብ ቁጥር» የሚለውን መስመር 7 ጊዜ በመንካት የገንቢ አማራጮችን ከፈትሁ፣ የዩኤስቢ ማረሚያውን (ላፕቶፑ በገመድ ታብሌቱን እንዲያዝ የሚፈቅደውን ቅንብር) አበራሁ፣ ሰባቱን በማከፋፈያው ሰክቼ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁ፣ የሚወጣውን የፈቃድ ጥያቄም በሰባቱም ላይ ተቀበልሁ። ይህ ዝግጅት ብቻ 35 ደቂቃ ወሰደ።

መጀመሪያ ትእዛዙ ከአንድ በላይ መሣሪያ መሰካቱን ተናግሮ አልሠራም አለ፤ የትኛውን እንደምፈልግ በተከታታይ ቁጥሩ መግለጽ ነበረብኝ። ዝርዝሩን ሳወጣ ሰባቱም አንድ ተከታታይ ቁጥር አላቸው፤ ከ0 እስከ 9 ተቆጥሮ በስድስት የላቲን ፊደላት የሚጨርስ፣ አምራቹ ሳይሞላ የተወው የሙከራ ቁጥር። በጀርባቸው የታተመው ቁጥር የተለያየ ቢሆንም በውስጣቸው ያለው አንድ ነው። በርካሽ ታብሌቶች ላይ ይህ የታወቀ ነገር መሆኑን የተረዳሁት ከዚህ በኋላ ነው። ኤዲቢ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ጊዜያዊ መለያ ስለሚሰጥ በዚያ ሠራሁ፤ ነገር ግን መለያው ገመዱ ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ስለሚቀየር ትእዛዞቹን በተርታ የሚያስኬደው ስክሪፕት ሲሠራ ማንም ጠረጴዛውን እንዳይነካ ከባልደረባዬ ጋር ተስማማን።

ስክሪፕቱ 11 ሰከንድ ሠርቶ ጨረሰ። ሰባቱም ታብሌቶች «ታብ» ተባሉ። ያለ ቁጥር፣ «ታብ» ብቻ።

ጥፋቱ በቃሉና በቁጥሩ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነበር። ስሙን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጌው ነበር፤ ነገር ግን የጥቅስ ምልክቱን የላፕቶፑ ሼል (የተጻፈውን ትእዛዝ የሚያነበው ፕሮግራም) ራሱ ገፎ ይወስደውና ወደ ታብሌቱ ሲደርስ ሁለት የተለያዩ ቃላት ሆነው ይታያሉ፤ የታብሌቱ ሼልም የመጀመሪያውን ቃል እንደ ስም፣ ሁለተኛውን እንደ ሌላ ነገር ይቆጥረዋል። በጥቅስ ላይ ጥቅስ ደርቦ መጻፍ ይቻላል። እኔ ግን ክፍት ቦታው ወደፊት ሌላ ቦታም ላይ እንደሚያስቸግር ገብቶኝ በሰረዝ ቀየርሁት፤ ከዚህ በኋላ ስሙ «ታብ-01» ነው።

ሳምንት 2፣ ረቡዕ

ስክሪፕቱ በሰረዝ በትክክል ሠራ፤ «ስለ ጡባዊ» ገጽ ላይ ከታብ-01 እስከ ታብ-07 በሥርዓቱ ተጽፏል። ሆኖም በስልኬ ብሉቱዝ ስፈልጋቸው አሁንም «ፀሐይ» እና «ዝናብ» ናቸው። ኤዲቢ የለወጠው በቅንብሮች ማኅደር ውስጥ ያለውን አንድ እሴት ብቻ ነው። ያንን እሴት ወደ ብሉቱዝና ወደ ሆትስፖት የሚያደርሰው የቅንብሮች መተግበሪያው ራሱ በመሆኑ፣ እሱን አልፎ የገባ ለውጥ ማኅደሩ ውስጥ ብቻ ይቀራል። አንዱን ታብሌት ከፍቼ፣ የመሣሪያ ስም ሳጥኑን አውጥቼ፣ ምንም ሳልነካ «እሺ»ን ብቻ ስጫንና ማስጠንቀቂያውን ስቀበል ብሉቱዙም ወዲያው ታብ-01 ሆነ።

በሌላ አነጋገር እያንዳንዱን ታብሌት በእጅ መክፈቴ አልቀረም። ለስክሪፕቱ ዝግጅቱ፣ ጥገናውና ሙከራው ተደምሮ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጅቷል። የቀሩትን አምስት አንድሮይዶች በእጅ ጽፌ በ8 ደቂቃ ጨረስሁ። ታብሌቶቹ 200 ቢሆኑ ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ ያኔ ግን የሚያስፈልገው ኤዲቢ ሳይሆን መሣሪያዎችን በአንድ ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው።

የዩኤስቢ ማረሚያውን በሰባቱም ላይ መልሼ አጠፋሁ። በሕዝብ እጅ የሚዘዋወር ታብሌት ላይ በርቶ መቅረት የለበትም።

ሳምንት 2፣ ሐሙስ

አይፓዶቹ። ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት፣ ከዚያ ኔም የሚለው መስመር፤ ያለው ይጠፋና አዲሱ ይጻፋል። በኤርድሮፕም (በአፕል መሣሪያዎች የፋይል መላላኪያ)፣ በሆትስፖትም፣ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝም የሚታየው ይኸው ነው። ከአይፓድኦኤስ 16 ጀምሮ የተለየ ፈቃድ የሌላቸው መተግበሪያዎች ይህንን ስም ሲጠይቁ የሚሰጣቸው «አይፓድ» የሚለው አጠቃላይ ቃል ብቻ በመሆኑ፣ አንዱ የንባብ መተግበሪያችን አዲሱን ስም ለምን እንደማያሳይ ስፈልግ የቆየሁበት 20 ደቂቃ ያለ ፋይዳ ነበር፤ መተግበሪያው አልተበላሸም፣ ስሙም ተቀይሯል።

ከአራቱ ሁለቱ ከመጀመሪያውም አንድ ስም ነበራቸው፤ አንዱ ከሌላው መጠባበቂያ ቅጂ ተነሥቶ ስለተሞላ ስሙንም ይዞ መጥቷል። በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ሲገናኙ አንዱ ጫፉ ላይ 2 ቁጥር ይጨመርለታል። እስከ ዛሬ በአታሚው ዝርዝር ላይ ሳየው የነበረው «2» ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ። አራቱም ከታብ-13 እስከ ታብ-16 ተባሉ፤ 6 ደቂቃ።

የዊንዶውሶቹ ሁለቱ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ይቀየራሉ። ክፍት ቦታ አይቀበሉም፤ ሰረዙ ጠቀመን። ስሙ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ታብሌቱ ጠፍቶ ሲነሣ ብቻ ነው። ታብ-18 ሲነሣ ሲጠብቅ የነበረ ዝማኔ ስለጀመረ 45 ደቂቃ ቆመ።

ሳምንት 3፣ ማክሰኞ

ስሞቹ ተቀይረው ካለቁ በኋላ የራውተሩን ገጽ ስከፍት የማየው የድሮ ዓለም ነው። ሁለቱ ዊንዶውሶች በቀድሞ ስማቸው ተቀምጠዋል፤ 12ቱ አንድሮይዶች ደግሞ ምንም ስም የላቸውም። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። ራውተሩ ስምን የሚመዘግበው መሣሪያው አድራሻ ሲጠይቅ ሲሆን በእኛ ራውተር የአድራሻው ዕድሜ 24 ሰዓት ስለሆነ፣ ዋይፋያቸውን አጥፍቼ ሳበራ አዲሶቹ ስሞች መጡ። ሁለተኛው ግን በመጠበቅ አይፈታም፤ እነዚህ አንድሮይዶች አድራሻ ሲጠይቁ ስማቸውን አይልኩም።

ስማቸውን በራውተሩ ላይ በእጄ ለመመዝገብ ወሰንሁና የእያንዳንዱን ማክ አድራሻ (መሣሪያው በኔትወርክ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) «ስለ ጡባዊ» ገጽ ላይ አይቼ በሠንጠረዡ ጻፍሁ። አንዱም ከራውተሩ ዝርዝር ጋር አልገጠመም። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ታብሌት ከኔትወርክ ጋር የሚገናኘው በተለምዶ በዘፈቀደ በተፈጠረ ማክ አድራሻ ነው፤ በፋብሪካ የተሰጠው አድራሻ ገጹ ላይ ቢታይም ኔትወርኩ አያየውም። አይፓዶችም ከአይፓድኦኤስ 14 ወዲህ እንዲሁ ናቸው። ይህ ለግል መሣሪያ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ከሕንፃው ለማይወጡ የጋራ ታብሌቶች ግን ማወሳሰቢያ ብቻ በመሆኑ በዚህ አንድ ኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ገብቼ የመሣሪያውን ማክ እንዲጠቀሙ አደረግሁ። ለ12ቱ 30 ደቂቃ ሆነ፤ ከዚህ በኋላ ሠንጠረዡና ራውተሩ ተስማሙ።

የድምፅ ማጉያው ግን አሁንም ለታብ-04 ሦስት ባዶ ሳጥን ያሳያል። ሲጣመር የሰማውን ስም ይዞ የቀረ ነው። ከማጉያው ላይ አስረስቼ እንደገና ሳጣምረው ተስተካከለ።

ሳምንት 3፣ ዓርብ

ታብ-05 ትናንት ማታ አልታዘዝ ብሎ ተንጠልጥሎ ስለቀረ አንድ ሰው ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መልሶታል። ስሙ ጠፍቶ የሞዴሉ ስም ተመልሷል፣ የተቆለፈው ማያ ገጽ ጽሑፍም የለም፣ የዋይፋዩ ማክም ተመልሶ በዘፈቀደ ሆኗል። በጀርባው ያለው ተለጣፊ ወረቀትና በሠንጠረዡ ያለው የታተመ ቁጥር ባይኖሩ ኖሮ ማን እንደሆነ ለማወቅ የሌሎቹን 11 ስም አንብቦ የጎደለውን መፈለግ ያስፈልግ ነበር። መልሼ ለመሰየም 4 ደቂቃ ፈጀ፤ ስሙ፣ የማያ ገጹ ጽሑፍ፣ የማክ ምርጫው፣ ከማጉያው ጋር ማጣመሩ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ቅደም ተከተሉን በሠንጠረዡ ሁለተኛ ገጽ ላይ ጻፍሁት፤ ማጣመሩ መጨረሻ የሚሆነው ማጉያው አዲሱን ስም ብቻ እንዲሰማ ነው።

ሳምንት 4፣ ሰኞ

ታብ-05 እንደገና ተንጠልጥሎ በዚያው ቀረ። ምትክ የሆነ ተመሳሳይ ሞዴል መጥቷል። ባልደረባዬ የ05ን ስም ለአዲሱ እንስጠው፣ ቅደም ተከተሉ እንዳይጎድል አለ። እኔ ግን አልተስማማሁም፤ በላፕቶፑና በስልኮቻችን የተጣመሩ ዝርዝሮች ውስጥ የቀድሞው ታብ-05 እስካሁን ስላለ፣ አዲሱ በዚያው ስም ቢገባ ከሁለቱ አንዱ የሞተ የሆነ ሁለት ታብ-05 ይታያል፤ ሰው በግምት አንዱን ይነካል። ስለዚህ 05 ቁጥር ተዘግቷል፤ በሠንጠረዡ ላይ መስመሩ እንዳለ ሆኖ «ከአገልግሎት ውጭ» ተብሎ ተጽፎበታል። አዲሱ ታብ-19 ተብሏል፤ 4 ደቂቃ።